አዲስ ሞተር ከመግዛት በፊት፦ የመጀመሪያውን ምን ገደለው?

በኦገስት ወር መጨረሻ፣ በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ባለ አንድ ሙሳኽ ውስጥ፣ ሦስት ሰዎች ኮፈኗ በተከፈተ ነጭ ፒካፕ ፊት ቆመዋል። አንዱ የመኪናዋ ባለቤት ነው፤ ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ፣ በአትክልተኝነት ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው። ሁለተኛው ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው አባቱ ናቸው። ሦስተኛው ከቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት የመጣ መካኒክ ነው። መካኒኩ አማርኛ አያውቅም። አባትየው ደግሞ የገበያና የኩፓት ሆሊም ዕብራይስጥ ይበቃቸዋል እንጂ የሙሳኽ ዕብራይስጥ አይገባቸውም። ስለዚህ ልጁ ከትንሽነቱ ጀምሮ እንደለመደው መሐል ቆሞ ይተረጉማል።

መካኒኩ የሞተሩን የላይኛውን ክፍል፣ አገር ቤት መካኒኮች ‹ቴስታታ› የሚሉትን፣ ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አጋድሞታል። እሱን እያሳየ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ልጁ ጥቂት ዝም አለና፣

«አባዬ፣ ሞተሩ አርጅቷል፤ ጊዜው ደርሶ ነው ይላል» አለ።

አባት መነጽራቸውን አጥልቀው ጎንበስ አሉ። የቴስታታውን ገጽ ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው ዳሰሱት። የዛገውን፣ የነጣውን፣ የጠቆረውን ቦታ አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣

«አላረጀም። ነዷል» አሉ።

እኚህ አባት በጎንደር አካባቢ ብረት ሠሪ ነበሩ። ያደጉት ለአባታቸው ወናፍ እየነፉ ነው። ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ይሠሩ ነበር። ጎረቤቱ ያለ እነሱ ማረሻ መሬቱን አይገለብጥም፤ ሙያውን ግን ይንቅ ነበር። በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ወደ እስራኤል ሲመጡ ወናፉም፣ መስፉም፣ ጉጠቱም እዚያው ቀረ። እዚህ በጽዳት ሥራ ቆይተው ጡረታ ወጡ። ይሁን እንጂ እሳት የበላውን ብረት ለመለየት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

መካኒኩ በእርግጥ ያለው ሌላ ነበር፦ «ይህ ሞተር ለሳምንታት ሲፈላ ከርሟል። አንድ ሰው ውሃ እየጨመረ ዝም ብሎ ሲነዳው ነበር።» ልጁ ያልተረጎመው ይህንን ነው።

የተደበቀው መርፌ

ልጁ ያልተረጎመበት ምክንያት አለው። ፒካፗ ስትገዛ አባትየው ከቁጠባቸው አግዘውታል። በባንክ የቀራቸው ገንዘብ ለመጨረሻዋ ልጃቸው ሠርግ የተቀመጠ ነው። ፒካፗ ከቆመች ሥራው ይቆማል፤ የሣር ማጨጃው፣ የዛፍ መቁረጫው፣ የማዳበሪያው ከረጢት ሁሉ የሚጫነው በእሷ ነው። ክረምት ላይ በላኺሽ አካባቢ ሞሻቦች ጭቃው ሲይዝ፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ከሌለ እርሻው ውስጥ አይገባም።

በጁላይ አንድ ቀን ተጎታች ጭኖ ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጣ፣ ሻዓር ሃጋይን አልፎ ዳገቱ ላይ የሙቀት መርፌው ከመሐል ተነሥቶ ወደ ቀዩ መስመር ተጠጋ። ዳር ይዞ ቆመ፤ እስኪበርድ ጠበቀ፤ ከጠርሙስ የቧንቧ ውሃ ጨመረና ቀጠለ። ሥራ ሰዓት ነበረው። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ ሆነ። ቀስ በቀስ ውሃ መጨመር ልማድ ሆነ። ከመቀመጫው ኋላ ሁለት ትልልቅ ጠርሙሶች አይጠፉም። ለሚስቱም ለአባቱም አልነገረም።

በመጨረሻው ቀን መርፌው ወጣ፤ ከዚያ ሳይታሰብ ወደ ታች ወረደ። ልጁ እፎይ አለ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ግን መኪናዋ ጉልበት አጣች፤ ከውስጥ የብረት ድምፅ ተሰማ፤ ሞተሩ ቆመ። ከዚያ በኋላ ቁልፉ ቢዞርም ሞተሩ አልዞረም።

የመርፌው መውረድ እፎይ የሚያሰኝ አልነበረም። ሙቀቱን የሚለካው ትንሽ ዕቃ የተሠራው ውሃ ውስጥ ተነክሮ እንዲሠራ ነው። ውሃው ፈስሶ ሲያልቅ በእንፋሎትና በአየር መሐል ይቀራል፤ ያኔ ትክክለኛውን ሙቀት አይናገርም። መርፌ ወጥቶ በድንገት የወረደ ከሆነ፣ ሞተሩ በረደ ማለት ሳይሆን ውሃው አለቀ ማለት ሊሆን ይችላል። በዚያች ደቂቃ ሞተሩን ማጥፋት ነው እንጂ ‹እስከ ቤት ልድረስ› ማለት አይደለም።

ቀለም የማያሳይ ብረት

የናፍጣ ሞተር፣ እዚህ አገር ‹ሶላር› የምንለው፣ እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይቀጣጠልም። ፒስተኑ አየሩን ጨምቆ ከመጀመሪያ ይዞታው ወደ 1/16ኛ እስከ 1/20ኛ ያሳንሰዋል። አየር ሲጨመቅ ይግላል፤ ናፍጣው የሚነደው በዚያ ግለት ነው። ይህ እሳት በየደቂቃው በሺዎች ጊዜ እየነደደ ሞተሩ ሳይቀልጥ የሚቆየው፣ በውስጡ የሚዞረው ውሃ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ስለሚያወጣ ነው። ጤነኛ ሞተር ውሃው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይሠራል።

በብዙዎቹ ያለንበት ዘመን ሞተሮች የታችኛው አካል፣ ብሎኩ፣ ከብረት ሲሆን ቴስታታው ደግሞ ከአሉሚኒየም ነው። ሁለቱ በመካከላቸው ስስ ጋስኬት ገብቶ በረጃጅም ብሎኖች ተጠብቀው ይኖራሉ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረቱ ሁለት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ሙቀቱ ልክ ሲያልፍ ቴስታታው ልስፋ ይላል፤ ብሎኖቹ ይይዙታል፤ መውጫ ሲያጣ ይጎብጣል። የደብተር ወረቀት ውፍረት ያህል፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ቢጎብጥ እንኳ ጋስኬቱ ማሸግ ሊያቅተው ይችላል። ያኔ የሚነደው ጋዝ ወደ ውሃው ይገባል፤ ውሃውም ወደ ዘይቱና ወደ ሲሊንደሩ ይሄዳል።

አባትየውን በጣም የገረማቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። ብረት ሲግል ለሠሪው ይናገራል። መጀመሪያ እንደ ደም ይቀላል፤ ከዚያ ብርቱካን ይመስላል፤ ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል፤ ሲብስም ይነጣል። ሠሪው ቀለሙን አይቶ ‹አሁን ምታ፣ አሁን ተው› ይላል። አሉሚኒየም እንዲህ አይደለም። የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ እስኪቀልጥ ድረስ በቀን ብርሃን ለዐይን የሚታይ ቀለም አይለውጥም። ስለዚህ ሾፌሩ ያለው ምስክር ያ ትንሽ መርፌ ብቻ ነው። እሱ የተናገረውን ደግሞ ሰው ሊደብቀው ይችላል።

አባት ወደ ልጃቸው ዞሩ። በመካኒኩ ፊት አልተቆጡም። «ያለህን ሁሉ ንገረኝ» ብቻ አሉ። ልጁም ነገራቸው፤ መካኒኩ ያለውን፣ ከዚያም መካኒኩ ያላወቀውን፣ የጁላይን ዳገትና የጠርሙሶቹን ነገር ጨምሮ። አባት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። በመጨረሻ፣

«ጠይቅልኝ። ሌላ ሞተር ይገባላታል እንበል። የፊተኛውን የገደለው ምንድን ነው? እሱ አሁንም እዚያው መኪናዋ ውስጥ ካለ ሁለተኛውንም ይገድለዋል» አሉ።

ይህ ሲተረጎምለት መካኒኩ ፈገግ አለ። ብዙው ደንበኛ የሚጠይቀው ‹ስንት ነው? መቼ ይደርሳል?› ብሎ ነው። «አባ ትክክል ነው» አለ። ‹አባ› በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነውና ለዚህች አስተርጓሚ አላስፈለገም።

ሦስት መንገድ

እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ ለቤተሰብ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ያለውን ሞተር ማደስ ነው፤ ቴስታታውን ማስተካከል ወይም መለወጥ፣ ሲሊንደሮቹን ማስሞረድ፣ ፒስተንና ቀለበቶችን መቀየር። ሁለተኛው ከሌላ መኪና የወጣ ጤነኛ ሞተር፣ አቅም ከፈቀደም አዲስ ወይም በባለሙያ የታደሰ ሞተር ገዝቶ መተካት ነው። ሦስተኛው መኪናዋን እንዳለች መሸጥ ነው።

በዚህች ፒካፕ ላይ ማደስ አዋጭ አልሆነም። ሁለት ፒስተኖች ከሲሊንደራቸው ጋር ተጣብቀው ግድግዳውን ቧጥጠውታል፤ ብሎኩ ራሱ ተሰንጥቋል። ስለዚህ ምርጫው መተካት ወይም መሸጥ ሆነ። ይህን ለመወሰን የተቀረው አካል ታየ። ሻሲው አልዛገም፤ ካምቢዮው ጤነኛ ነው፤ ለፊትና ለኋላ ጎማ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥንና የፊት ዲፈረንሻሉ ዘይት አያፈሱም፤ ባለ አራት ጎማው በትክክል ይገባል።

መካኒኩ አንድ ነገር ጨምሮ ጠየቀ፦ ‹ሥራህ የት ነው?› በሐይፋና በኢየሩሳሌም ጭስ ማጣሪያ ያልተገጠመላቸው አሮጌ የናፍጣ መኪናዎች እንዳይገቡ የተከለከሉባቸው ክልሎች አሉ። እዚያ መግባት የማይፈቀድላት መኪና አዲስ ሞተር ቢገባላትም ለዚያ ሥራ አትሆንም። የዚህች ፒካፕ ማጣሪያ ስላለ ይህ ጥያቄ ተዘጋ።

‹የማን ነው?›

በዚያው ምሽት ለልጁ ስልክ ተደወለ። አንድ የሥራ ጓደኛው ሞተር አገኘሁልህ አለው፤ ዋጋው መካኒኩ ከነገረው በግማሽ የሚያንስ፣ በጥሬ ገንዘብ፣ ያለ ኼሽቦኒት። ልጁ ይህን ለአባቱ በዚያው ሌሊት ነገራቸው። ከሙሳኹ በኋላ የለወጠው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር።

አባት የጠየቁት «የማን ነው?» ብቻ ነው። መልስ አልነበረም።

በእስራኤል ይህ ጥያቄ የሕሊና ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው። የመኪና ስርቆትን ለመከላከል በ1998 የወጣ ሕግ ባገለገሉ የመኪና ዕቃዎች ንግድና አጠቃቀም ላይ ገደብና የምዝገባ ግዴታ ጥሏል። ሞተር ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ በብሎኩ ላይ የተመታ ሲሆን አገር ቤት ሊብሬ በምንለው፣ እዚህ ‹ሪሽዮን ሬኸቭ› በሚባለው ወረቀት ላይም ተጽፏል። ሞተሩ ሲቀየር አዲሱ ቁጥር በሚስራድ ሃሪሹይ መዝገብ መስተካከል አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ሞተሩ ከየት እንደተገዛ የሚያሳይ ሰነድ ያስፈልጋል። ሰነድ የሌለው ሞተር የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ገንዘቡም ይጠፋል፣ ፖሊስም ይመጣል። ቁጥሩ ሳይስተካከል ቢቀር ደግሞ በቴስት ጊዜ፣ መኪናዋ ስትሸጥ፣ ወይም አደጋ ደርሶ የቢቱአኹ ሰው ሲመረምር ጣጣው ይወጣል።

በማግሥቱ ሞተሩ ፈቃድ ካለው የመኪና ፈታች ተገዛ። የወጣበት መኪና ቁጥር፣ የሞተሩ ቁጥርና የዋስትናው ጊዜ በኼሽቦኒቱ ላይ ተጻፈ። ገንዘቡን የከፈሉት አባትየው ናቸው፤ ከሠርጉ ላይ። ሁለት ነገር ግን ጠየቁ። አንደኛ፣ ልጁ በየወሩ እየከፈለ ይመልሳል። ሁለተኛ፣

«ለእኅትህ ራስህ ንገራት። እኔ አልነግርልህም» አሉት።

ነገራት። ለአንድ ሳምንት አላናገረችውም። ከዚያ ከሐኑካ በኋላ ሊደረግ ታስቦ የነበረው ሠርግ ከሻቩዖት በኋላ እንዲሆን ከእጮኛዋ ጋር ተስማሙ።

ሞተሩ ሲወጣ፣ ሞተሩ ሲገባ

ለመተካት የሚመጣው ሞተር በሊትሩ ብቻ መመሳሰሉ አይበቃም። ያንኑ ሊትር ይዘው በተለያየ ዓመት የወጡ ሞተሮች ሴንሰራቸው፣ ቱርቦአቸውና የናፍጣ ፖምፓቸው ይለያያል፤ የመኪናዋ ኮምፒውተርም የማያውቀውን ሞተር አይቀበልም። ስለዚህ በመጀመሪያ የሞተሩ መለያ ኮድ ከአሮጌው ጋር ተመሳከረ። በብዙዎቹ አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች እያንዳንዱ ኢንጀክተር የራሱ የማስተካከያ ኮድ አለው፤ እሱም ወደ ኮምፒውተሩ መግባት ይኖርበታል።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። ባትሪው ተነቀለ፤ ዘይቱና የቀረው ውሃ ተቀዳ፤ ኮፈኑና ራዲያተሩ ወረዱ። እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ማያያዣ ከመነቀሉ በፊት ወረቀት ተለጠፈበት፤ ፎቶም ተነሣ። የናፍጣው ቧንቧዎች አፍ ወዲያው ተከደነ፤ የኢንጀክተር ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ቅንጣት አቧራ ይበቃዋል። ባለ አራት ጎማ መኪና ላይ የፊት ዲፈረንሻሉ ከሞተሩ ሥር ስለሚገኝ ቦታው ጠባብ ነው። ካምቢዮው ከሥር በክሪክ ተደግፎ ከሞተሩ ተላቀቀ፤ ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝነው ሞተርም በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ወጣ። አባትየው በሦስቱም ቀን ጠዋት ጠዋት እየመጡ በላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ተመለከቱ።

የአባትየው ጥያቄ መልስ ያገኘው ራዲያተሩ ሲወርድ ነው። በእሱና በአየር ማቀዝቀዣው ፍርግርግ መካከል ያለው ክፍተት በሣር ብናኝና በደረቀ ጭቃ እንደ ግድግዳ ተለስኖ ነበር፤ ነፋስ አያሳልፍም። በላይኛው የፕላስቲክ ጋን ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበር፤ ውሃው ሲሞቅ የሚወጣው በዚያ ነው። ውስጡ ሲታይ ደግሞ የቧንቧዎቹ ግድግዳ ነጭ ዝቃጭ ይዟል። የዚህ አገር የቧንቧ ውሃ ኖራ ይበዛበታል። በጠርሙስ የተጨመረው ውሃ ሞተሩን ለአንድ ቀን ሲያቆየው ራዲያተሩን ደግሞ ሲደፍነው ከርሟል።

«ሞተሩን ብቻ ቀይሬ ብልክህ ኖሮ በሚቀጥለው በጋ ትመለስ ነበር» አለ መካኒኩ። ልጁ ይህን ቃል በቃል ተረጎመው።

ራዲያተሩ፣ የጎማ ቱቦዎቹ፣ ቴርሞስታቱና የራዲያተሩ ክዳን በአዲስ ተተኩ። የገባው ሞተር ገና መሬት ላይ ሳለ ቺንጋው፣ የውሃ ፖምፓውና የኋላ ዘይት ማሸጊያው ተለወጡ፤ የፍሪሲዮን ሸራውም እንዲሁ። እነዚህ ዕቃዎች ሞተሩ ውጭ ሳለ በሰዓት ይለወጣሉ፤ ከገባ በኋላ ግን እንደገና ብዙ መፍታት ይጠይቃሉ። ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉና በእሱ ላይ መቆጠብ ቁጠባ አይደለም።

ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ወዲያው አልተቀጣጠለም። ዘይትና አምራቹ ያዘዘው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ተሞላ፤ በውስጡ የታመቀው አየር ወጣ፤ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪደርስ ድረስ ናፍጣ ሳያገኝ እንዲዞር ተደረገ። ከዚያ ተነሣ። መርፌው መሐል ደርሶ እስኪቆም ድረስ ሦስቱም ከፊቱ አልተንቀሳቀሱም።

ለቤተሰብ ሽማግሌ የሚሆን ጥያቄ

ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ‹ሞተር ሊቀየር ነው፣ ገንዘብ አግዙኝ› ብሎ ሲመጣ ብዙ ሽማግሌዎች ‹እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ› ይላሉ። መኪና ማወቅ ግን ግዴታ አይደለም። የፊተኛውን ምን ገደለው? እሱስ ተስተካክሏል? ሞተሩ የማን ነበር፣ ኼሽቦኒት አለው? ዋስትናው በጽሑፍ ነው? የሚስራድ ሃሪሹይና የቢቱአኹ ወረቀት ማን ያስተካክላል? ሙሳኹ ፈቃድ አለው? እነዚህን ለመጠየቅ ዕድሜ ይበቃል። ጥያቄዎቹ ከገንዘቡ በፊት ይቅደሙ።

ሞተሩ ከገባ በኋላ ደግሞ ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ የፈሳሹን ልክ በመጠባበቂያው ጋን ላይ ማየት ነው። የጋለ ራዲያተር ክዳን ፈጽሞ አይከፈትም። ውስጡ በግፊት የታመቀ ስለሆነ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖም ሳይፈላ ይቆያል፤ ክዳኑ ሲላቀቅ ግን በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ፊትና እጅ ይልጣል። ፈሳሽ እየቀነሰ ከሄደ የሚሄድበት አለው፤ ቦታው ይፈለግ እንጂ በጠርሙስ አይሸፈን። አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ለሰው ነው፤ ለመኪናም ሠርቷል።

በኖቬምበር የስግድ ዕለት ማለዳ ያቺው ነጭ ፒካፕ ታጣፊ ወንበሮችና ጥላዎች ጭና ከቂርያት ጋት ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ አርሞን ሃናጺቭ ወጣች። ልጁ ይነዳል፤ አባት ነጠላቸውን አጣፍተው ከጎኑ ተቀምጠዋል፤ እኅትየው ከኋላ ናት። ሻዓር ሃጋይን አልፈው ዳገቱ ሲጀምር አባት ወደ መርፌው ተመለከቱ።

«ምን ይላል?»

«መሐል ላይ ነው አባዬ።»

«ቢወጣ ትነግረኛለህ።»

«እነግርዎታለሁ» አለ ልጁ።

ከኋላ መቀመጫ እኅቱ፣ «ለእኔም» አለች።